አሶ ከነአጃቢዋ

ልቅሶ ቤት ካርታ መጫወትን የሚነቅፍ ሰው፣ ከሐዘንተኛ ጋር ሌሊቱን አድሮ የማያውቅ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ‹‹ይህ ደግሞ ቁማር ሊያስተምረን ነው›› ብሎ ገጹን እንዳያልፈው ነው። መቼም በእኛ በጌጃ ሰፈር የዕድር ድንኳን ውስጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ሴቶቹ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ልቅሶው ይረግባል፤ ንፍሮው ያልቃል፤ ብርዱ ከሸራው ሥር እየሾለከ ቁርጭምጭሚት ይልሳል። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር አሥር አሥራ አምስት ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ወሬም ያልቃል። ስለ ሟች የሚባለው ሁሉ ተብሏል፤ ስለ መንግሥት የሚባለውን ደግሞ ከማን ፊት እንደሚሉት አይታወቅም። እንግዲህ ዓይን እንዳይከደን የሚያደርግ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገር ካርታ ነው። ሽማግሌዎቹ ኮንከር፣ ልጆቹ ክሬዚ። ገንዘብ የለበትም፤ ቢኖርበትም የአንድ ሲጋራ ያህል ነው።

በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከግቢያችን አንዲት እናት ዐረፉ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። አሳደጉኝ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ተቆልፎ ካገኘሁት ምሳዬን የምበላው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ቤታችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቆለፍ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸውና እኔ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እሱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ እኔ የሒሳብ መምህር ሆንኩና እዚሁ ቀረሁ።

የሄደው ላስ ቬጋስ ነው። ያ ከተማ የአበሻ ከተማ መሆኑን የማያውቅ ካለ ይወቅ። ታክሲውን የሚነዱት፣ የሆቴሉን አልጋ የሚያነጥፉት፣ በቁማር ቤቱ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው ካርታ የሚያድሉት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የክላርክ አውራጃ አስተዳደር የከተማውን አንድ ክፍል ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ወዳጄም መጀመሪያ ታክሲ ነዳ፤ ኋላ ካርታ ማደል ተማረና እንጀራው እሱ ሆነ። እትዬ ግን ለሰፈሩ የሚናገሩት ሌላ ነበር። ‹‹ልጄ ሒሳብ ክፍል ነው የሚሠራው›› ይሉ ነበር። ውሸትም አይደለም።

ለቀብሩ አልደረሰም። አስከሬን ይጠብቅ አይባል ነገር፣ ቲኬት በአንድ ቀን አይገኝ ነገር፣ እሱ ቦሌ ሲወርድ እናቱ ከተቀበሩ አንድ ቀን አልፏቸዋል። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ ጮኹ፤ እሱ አልጮኸም። ቆመ። የያዘውን ሻንጣ የት እንደሚያስቀምጥ የጠፋው መሰለ። አንድ ሽማግሌ ‹‹አልቅስ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልህ›› አሉት፤ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ዕንባ የለም። በዚያ ሌሊት ከእኛ ጋር ተቀምጦ ዓይኑን አፍጥጦ የሸራውን ምሰሶ ያይ ነበር።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ልጆቹ ካርታ ሲበውዙ አያቸው። ሲበውዙ ማለቴ ሲያማስሉ ነው፤ ግማሹ መሬት ወደቀ። ‹‹እስቲ አምጡ›› አለ። ተቀበላቸውና በወዘ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ካርታው ውኃ ሆነ። ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ እንቅልፍ የያዛቸው አባት እንኳ ነቁ። እሱ ራሱን የታዘበ አይመስልም፤ እጁ ብቻ ነው የነቃው። ‹‹አንድ ጨዋታ ላሳያችሁ›› አለ። ያን ያህል ረጅም ዓረፍተ ነገር ከመጣ ወዲህ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ጨዋታው የቴክሳሱ ፖከር ነው። ሕጉ አጭር ነው። ከ52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ይታደላል፤ ያንን ባለቤቱ ብቻ ያየዋል። ከዚያ አምስት ካርታ ለሁሉም በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሦስት አንድ ላይ፣ ቀጥሎ አንድ፣ መጨረሻ አንድ። ከሰባቱ ምርጥ አምስት ያለው ይበላል። በየመሐሉ ገንዘብ ይመደባል፤ የፈራ ካርታውን ይጥላል። ጨዋታው እንዳይተኛ ሁለት ሰዎች በየተራ ካርታቸውን ሳያዩ የሚከፍሉት ግዴታ አለ። ይህን ሲሰሙ የዕድራችን ሊቀ መንበር ‹‹እንግዲህ እሱማ የዕድር መዋጮ ነው፤ ሞቱን ሳታይ ትከፍላለህ›› አሉ፤ በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳቀ።

የቴክሳስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የክብር ውሳኔ ጨዋታው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮብስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ እንደ ተወለደ ይመሰክራል። ላስ ቬጋስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ከ1970 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ውድድር ይደረግበታል። በ2003 አንድ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የማጣሪያ ቲኬት ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ስለ ወጣ ዓለሙ ሁሉ አበደ። ወዳጄ ይህን ሰው አይወደውም። ‹‹ከእሱ በኋላ ስንቱ ሒሳብ ሠራተኛ ቤቱን ሸጦ ከፊቴ ተቀመጠ መሰለህ›› ይላል።

ገንዘብ ስላልነበረ በቆርኪ ተጫወትን። ከጎረቤት ግሮሰሪ አንድ ፌስታል ሙሉ ቆርኪ መጣልን፤ የአምቦው አሥር፣ የቢራው አምስት፣ የለስላሳው አንድ ብር ሆኖ ተመነ። የልጅነት ሀብታችን ተመልሶ መጣ።

በዚያች ሌሊት ነው እንግዲህ አሶና አምስት የደረሰኝ፤ ሁለቱም ባለ ቀይ ልብ።

ይህን ካርታ ያላየ ሰው ውበቱን አይረዳውም። አሶ የካርታው አናት ናት፤ ከእሷ በላይ የለም። አምስቷ ምንም አይደለችም፤ ግን መልኳ ከአሶዋ ጋር አንድ ነው። አሶዋ ትልቅ ቤት የተወለደች ልጅ፣ አምስቷ የመንገድ አጃቢዋ ትመስላለች። ሰው የሚያየው አሶዋን ነው። እኔም ያየሁት አሶዋን ነው። ጠረጴዛው ላይ ሌላ አሶ ወጣችልኝና ሁለት አሶ ሆነልኝ፤ ቆርኪዬን ሦስት ጊዜ ገፋሁ። በመጨረሻ ከፊት ለፊቴ ያለው የጋራዥ ባለቤት ጎረቤታችን ካርታውን ሲገልጥ አሶና ንግሥት ነበረው። ሁለት አሶ በሁለት አሶ፤ የሚለየው አጃቢው። የእሱ ንግሥት፣ የእኔ አምስት። ተበላሁ።

‹‹መምህር፣ በትንሽ አጃቢ አሶ ስትይዝ አሶ መውጣቷ ነው የሚገድልህ›› አለኝ ወዳጄ፤ ካርታውን እየሰበሰበ። ‹‹ብትወጣ ትንሽ ትበላለህ፤ ሌላው አሶ ካለው ግን ብዙ ትበላለታለህ።››

የሒሳብ ሰው ነኝና ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ለነገሩ እንቅልፍም አልነበረም። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ የደረሰኙ ጥራዝ ከኪሴ አይለይም። በጀርባው አሰላሁ። የሚታደሉት ሁለት ካርታዎች በ1,326 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። አሶን ከሁለት እስከ ዘጠኝ ካሉት ከአንዱ ጋር በአንድ መልክ የሚያመጡት 32ቱ ብቻ ናቸው። ደግ፤ ብርቅ ነው። ግን ብርቅ ሁሉ ውድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች አሶ የምትወጣበት ዕድል ከ100 ወደ 17 ነው። ያኔ ሌላው ሰው አሶና ንጉሥ ይዞ ከተገኘ፣ አስቀድሞም እኔ ከእሱ ጋር ሁሉን አስይዤ ብፋጠጥ ከአሥር ጊዜ ሦስት ጊዜ ገደማ ነው የምበላው።

ታዲያ ለምን ይጫወቱታል? መልሱ አሶዋ ውስጥ አይደለም፤ በመልኳ አንድነት ውስጥ ነው። አምስት ካርታ በአንድ መልክ ሲገጥም ትልቅ ነገር ነው፤ አሶ ያለበት ደግሞ ከዚያ መልክ ሁሉ የበላይ ስለሆነ ንጉሥ የያዘው ሰው እየተማመነ ገንዘቡን ሁሉ ያመጣልሃል። ሦስቱም ካርታ በአንድ ጊዜ በመልክህ የመውጣታቸው ዕድል ግን ከ119 አንድ ነው። ሁለቱ ወጥተው አንዷን የምትጠብቅበት ከ100 ወደ 11። ከጠበቅህ በኋላ ደግሞ በቀሩት ሁለት ካርታዎች የምታገኛት ከ100 በ35ቱ። ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ፤ ለአሶ አጃቢነት አምስት ከስድስት አታንስም። አሶ በታች በኩል ከሁለት፣ ከሦስት፣ ከአራትና ከአምስት ጋር ተከታታይ መሥራት ስለምትችል ነው። ስድስቷ በዚያ ሰልፍ የለችበትም።

ወዳጄ ስሌቴን ተመለከተና ‹‹ይኼ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው›› አለኝ። ሌላው ግማሽ የመቀመጫ ነገር ነው። መጀመሪያ ለመናገር ተራህ ከሆነ ያንን አሶ ጣለው፤ የምትናገረው መጨረሻ ከሆነ ያዘው። በሽምግልና ትልቁ ሰው ለምን ሁሉን አዳምጦ መጨረሻ እንደሚናገር ጌጃ ሰፈር ለተወለደ ማስረዳት አያስፈልግም። በርካሽ ለመግባት፣ ካልሆነም ያለ ቅሬታ ለመውጣት። ‹‹አሶ ጥሎ መውጣት የሚችል ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት›› አለ። አንዳንዶች ደግሞ እጃቸው ያለችውን አሶ ለማስፈራሪያ ይጠቀሙባታል፤ አንዷ እነሱ ዘንድ ካለች ሁለት አሶ በሌላው እጅ የሚገኝበት መንገድ ከስድስት ወደ ሦስት ይወርዳልና። ይህኛው ጥበብ ለእኔ አይሆንም፤ ፊቴ ያወጣብኛል።

ሠልስቱ ወጣ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ ወንበሩና ድስቱ ተቆጥሮ ወደ ዕድሩ መጋዘን ተመለሰ። ወዳጄ አሁንም አላለቀሰም፤ አሁንም አይተኛም። የሱ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አልገጠመም። አራተኛው ሌሊት ላይ አምስት ሰዎች በሟች ግቢ ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ተሰበሰብን። ቆርኪው አልመጣም። የጋራዡ ባለቤት ‹‹ሰው በቆርኪ አይዋሽም፣ በቆርኪም አይፈራም›› አለ፤ እውነቱን ነው። ገንዘብ ወጣ። እዚህ ላይ ድንኳኑን ጥብቅና ቆሜለት ነበር፤ ለሰርቪስ ቤቷ ግን አልቆምም። በልጅነቴ በሰፈራችን የነበረ ልብስ ሰፊ የሲንጀር መኪናውን በአንድ ሌሊት ተበልቶ፣ በማግሥቱ የደንበኞቹን ጨርቅ ለየቤቱ ሲመልስ አይቻለሁ። አይቻለሁ፤ ግን ተቀመጥኩ።

ወዳጄ አልተጫወተም፤ የሚያድለው እሱ ነው። እኔ የራሴን 1,000 ብር አውጥቼ ፊቴ ደረደርኩ። በውስጥ ኪሴ ሌላ ገንዘብ ነበር። ዕድራችን ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ከሚከፍለው 8,000 ብር ግማሹን ከቀብር በፊት፣ ግማሹን ከሠልስት በኋላ ነው የሚሰጠው። ያ ቀሪው 4,000 ብር፣ ማኅተም ባለበት ፖስታ ታሽጎ፣ በማግሥቱ ጠዋት ከሊቀ መንበሩ ጋር ሆነን ለወዳጄ የምናስረክበው ነው። ፖስታውን ለምን ቤቴ ትቼው አልመጣሁም? ከቀበሌ አዳራሽ በቀጥታ ስለመጣሁ ነው። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ቢሆንም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከገንዘቤ ጥቂት ከተበላሁ በኋላ፣ የልብ አሶና የልብ አምስት ተመልሰው መጡ። እነዚያው ራሳቸው። ተራዬ መጨረሻ ነው፤ መግቢያው ርካሽ ነው፤ ሁሉም ነገር እንደ ትምህርቱ። ሦስት ሰዎች ገባንና 500 ብር ተከማቸ። ወዳጄ ሦስቱን ገለጠ፤ የልብ ንጉሥ፣ የልብ ዘጠኝ፣ ጥቁር ሁለት። አንዲት ልብ ብቻ ቀረችኝ። የጋራዡ ባለቤት ሲጋራውን አስቀመጠና ፊቱ ያለውን ሁሉ፣ 1,400 ብር፣ ወደ መሐል ገፋ። ሦስተኛው ሰው ጣለ።

ፊቴ ያለው 600 ብር ነው።

‹‹ገደብ የለውም ብላችኋል›› አለ የጋራዡ ባለቤት። ‹‹የሰፈራችን ቁማር ከኪስ ነው። ከፍለህ እየው፣ አለበለዚያ ጣል።›› መጣል ይቻል ነበር። ጠዋት ደረሰኝ ላይ ሲሆን ከ100 ሠላሳ አምስቱን በቃሌ የምደግም ሰው፣ በዚያች ደቂቃ አንድም ቁጥር አልመጣልኝም። የታየኝ ቀይ ነገር ብቻ ነው። እጄ ወደ ውስጥ ኪሴ ገባ። ፖስታውን ይዞ ወጣ፤ ሙሉ ለሙሉ አይደለም፣ እስከ ግማሹ። ሐምራዊው የዕድሩ ማኅተም በአምፖሉ ብርሃን ታየ።

ወዳጄ አየው። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገ፤ በሥራ ቦታው እንደሚናገረው ይመስለኛል የተናገረው። ‹‹ገደብ የለውም ማለት ጠረጴዛ ላይ ያለህን ሁሉ ትችላለህ ማለት ነው። ኪስ ጨዋታ ውስጥ የለም። የትም አገር የለም። መምህር በ600 ነው የሚያየው፤ 800 ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።›› የጋራዡ ባለቤት አጉረመረመ። ወዳጄ 800ውን ቆጥሮ መለሰለትና እጁን ካርታው ላይ አሳረፈ፤ እኔን እየጠበቀ። ፖስታውን መለስኩት። 600 ብሬን ገፋሁ።

አራተኛዋ ጥቁር ሰባት ነበረች። አምስተኛዋ የልብ ጃክ።

ጎረቤቴ ንጉሥና ዘጠኝ ነበረው፤ ሁለት ጥንድ። በላሁት። 1,700 ብር ወደ እኔ መጣ፤ ሰዎቹ ጀርባዬን መቱኝ፤ አንዱ ‹‹መምህር ተደብቀህ ኖረህ!›› አለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተደረገውን ጨዋታ አላስታውስም። ቤቴ ገብቼ ሊነጋ ሲል አሰላሁት። በ600ው ከሆነ 1,700 ለማግኘት ከ100 ሠላሳ አምስት ጊዜ መብላት ይበቃኛል፤ ያለኝም ያው ሠላሳ አምስት ነው፤ ልክ በልክ። በ1,400ው ቢሆን ግን 3,300 ለማግኘት ወደ 42 ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ የጠረጴዛው ሕግ ከመጥፎ ውርርድ አውጥቶ ወደ ትክክለኛው አስገባኝ ማለት ነው። ስሌቱ እንዲህ ይላል። ስሌቱ ስለ ፖስታው ምንም አይልም። የወጣችው ደግሞ የልብ ጃክ ናት፤ 800ውን ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ በልቼ፣ ፖስታውን ሞልቼ፣ ጠዋት ቀና ብዬ አስረክብ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር፤ ከእሱ በቀር። እሱ ደግሞ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ማኅተሙን አይቶ አውቋል፤ የእናቱ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሊቀ መንበሩ ጋር ሄድን። ሊቀ መንበሩ የተለመደውን ተናገሩ፤ ‹‹እግዜር ያጥናችሁ፣ ዕድራችን ከጎናችሁ ነው››። እኔ ፖስታውን ሰጠሁት። በወጉ ሐዘንተኛ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ተቀብሎ ያመሰግንና ያስቀምጠዋል። እሱ ግን ማኅተሙን ቀደደና ገንዘቡን እናቱ እንጀራ የሚያቀርቡበት ጠረጴዛ ላይ አወጣው። ሊቀ መንበሩ ቅር አላቸው፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የመቶ ብር ኖቶቹን አምስት አምስት እያደረገ፣ እያንዳንዱ ጫፍ እንዲታይ እያሰናጠረ፣ በስምንት መስመር ዘረጋቸው። አርባ። ሙሉ ነው። መልሶ ሰበሰባቸው፤ ደረሰኙ ላይ ፈረመልኝ።

ከዚያ ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው በላይ አነሣና አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ መዳፉን ገለበጠ፣ የእጁን ጀርባ አሳየ፣ መልሶ ገለበጠ። የካርታ አዳዮች ከጠረጴዛ ሲነሡ ምንም አለመያዛቸውን ከጣሪያው ላለው ካሜራ የሚያሳዩት እንደዚህ ነው፤ በድንኳኑ ሌሊት ነግሮኝ ነበር። እዚያ ቤት ካሜራ የለም። ከጣሪያው ሥር ግድግዳው ላይ የእትዬ ፎቶግራፍ ነው ያለው። ወደዚያ ቀና ብሎ ሲያይ እጆቹ በአየር ላይ ቀሩ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ከመጣ ጀምሮ ስንጠብቀው የነበረው ለቅሶ መጣ። ሊቀ መንበሩ ‹‹ተው፣ ተው ልጄ›› እያሉ ተነሡ። እኔ የደረሰኙን ጥራዝ ይዤ ቆሜያለሁ፤ በጀርባው የሌሊቱ ስሌት አለ።